የጥርጣሬውን ሒሳብ ማን ይክፈል?

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ወጣት ሳይንቲስት ዓድዋ አካባቢ ወንዝ ለወንዝ እየዞሩ ቀንድ አውጣ ይፈልጉ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ታሪኩ ብዙ አገር ስለሚዞር ነው።) ፍለጋው የቢልሃርዚያ ጉዳይ ነው። የቢልሃርዚያ ትል እንቁላል ከታመመ ሰው ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል፤ የተፈለፈለው እዚያ ባለ ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውኃው ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ዶክተሩ ታዲያ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ የሞተ ቀንድ አውጣ ይበዛል። ከላይ በኩል ግን እንዲያ አይደለም። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር።

እንዶድን ለማያውቅ፦ ፍሬው ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ ተክል ነው። ገጠር ያደገ ሰው ቤት ውስጥ ስለ እንዶድ ብትጠይቁ፣ ነጠላን እንደሱ የሚያነጣ የለም ብሎ ይከራከራችኋል። ሰው ለስንት ዘመን ሲያጥብበት የኖረ ነገር ነው።

ከ1969 ጀምሮ ለ5 ዓመት ዓድዋ ላይ በእንዶድ ሙከራ ተደረገ። በሙከራው መጨረሻ ከትንንሾቹ ልጆች መካከል በቢልሃርዚያ የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። በአሜሪካ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች ደግሞ ገዳዩን ንጥረ ነገር ከፍሬው ለይተው አወጡና ለማቶክሲን ብለው ሰየሙት። (ፈረንጅ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስድ፣ ሳያስቡት ያከበሩት የዶክተሩን አባት ነው።) በዚያን ጊዜ ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ የሚመከረው የጀርመኑ ባየር ኩባንያ የሚሠራው ኬሚካል ነበር፤ ውድ ነው፣ የሚገዛውም በውጭ ምንዛሪ ነው። እንዶድ ግን አጥር ላይ ይበቅላል።

እንግዲህ ይኼ ሁሉ እያለ፣ ከዓለም ጤና ድርጅትና ከለጋሾች በኩል የመጣው መልስ በአጭሩ ሲቀመጥ፦ የመርዛማነቱ ምርመራ አልተሟላም የሚል ነበር። ለሰው፣ ለከብት፣ ለዓሣ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ዓለም አቀፍ ደረጃ በሚያሟላ ቤተ ሙከራ ይረጋገጥ። እንዲህ ያለው ቤተ ሙከራ ኢትዮጵያ ውስጥ አልነበረም። ውጭ አገር ለማስመርመር ደግሞ ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘቡን የሚሰጡት ለጋሾች፣ መጀመሪያ ደህንነቱ ይረጋገጥ ይላሉ። ደህንነቱን ለማረጋገጥ ገንዘብ ያስፈልጋል። ክቡ ገባችሁ አይደል?

በመጨረሻ የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ከፈለ፤ የደህንነት ግምገማው በ1991 ታተመ። ከዓድዋው ወንዝ 27 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ውጤቱ፦ ለሰውና ለከብት መሰል እንስሳት አደገኛነቱ ዝቅተኛ፣ ለዓሣ ገዳይ፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ የሚያቃጥል። ዓይን እንደሚያቃጥል እንኳ ማንኛዋም አጣቢ በነጻ ትነግራቸው ነበር።

ይህ ታሪክ በየጊዜው ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ይዞራል። የሚዞረው ግን አንድ መልክ ይዞ ነው፤ ነጮቹ ናቁን፣ ከዚያ ሰረቁን፣ አለቀ። መናቁ እውነት ነው። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ሲቀበሉ፣ አክሊሉ የአፍሪካ ሳይንስ ችግር የገንዘብና የመሣሪያ እጦት ብቻ አይደለም፣ ከዚህ አካባቢ ደህና ሳይንስ ሊወጣ ይችላል ብለው መቀበል የሚከብዳቸው ሰዎች ጭፍን ጥላቻም ነው የሚል ሐሳብ በግልጽ ተናግረዋል። ስርቆት የሚባለውም መሠረት አለው፤ እመለስበታለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በዚህ አተራረክ ውስጥ ሁልጊዜ የሚዘለለው ነገር ነው። እንዶድ መርዝ ነው። ቀንድ አውጣውን የገደለው ንጽሕናው አይደለም።

በአገራችን እንዶድ ለልብስ ብቻ አልዋለም። ጽንስ ለማስወረድ የጠጡት ሴቶች ነበሩ፤ በዚያም የሞቱ አሉ። ስለዚህ "ሰው ለዘመናት ሲጠቀምበት ኖሯል" የሚለው ክርክር ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚወስደን። አጣቢዋ ዓይን እንደሚያቃጥል ታውቃለች። እጇን እንደማያቆስል ታውቃለች። ያ ውኃ ውስጥ በየሳምንቱ ሲጨመር፣ ከታች የሚጠጣው ሕፃን ከ10 ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን፣ ዘረ መልን ይለውጥ እንደሆነ፣ ያረገዘች ላም ላይ ምን እንደሚያደርስ ግን ከልምድ ብቻ ማወቅ አትችልም። ማንም አይችልም። ቶክሲኮሎጂ የሚባለው የመርዝ ጥናት የተፈጠረው ለዚሁ ነው። ሲበዛ ማር ይመራል እንላለን፤ የዚህ ሙያ ሥራ በየትኛው ማንኪያ ላይ መምረር እንደሚጀምር መቁጠር ነው።

ስለዚህ ጥርጣሬው ትክክል ነበር እላለሁ። "ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም" እያለ ዱቄት በቴሌግራም የሚሸጥልንን ሰው የምጠረጥረውን ያህል፣ እንዶድም መጠርጠር ነበረበት።

ጥርጣሬውን ወደ ሕግ የለወጡት ሰዎችም በከንቱ አልነበረም። በ1937 አሜሪካ ውስጥ አንድ ኩባንያ ለጉሮሮ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት በፈሳሽ መልክ ሊሸጥ ፈለገና ዳይኤቲሊን ግላይኮል በሚባል ነገር በጠበጠው። ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ኩላሊት ይገድላል። ከ100 ሰው በላይ ሞተ፤ ከእነሱም መካከል ሕፃናት ነበሩ። አንድም እንስሳ ላይ አልተሞከረም ነበር፣ ሕጉም አያስገድድም ነበር። በማግስቱ ዓመት አስገዳጅ ሕግ ወጣ። ከዚያ ታሊዶማይድ መጣ፤ የእርጉዝ ሴቶችን ማቅለሽለሽ ያስታግሳል የተባለው እንክብል ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ እንዲወለዱ አደረገ። አሜሪካ በአብዛኛው የተረፈችው ፍራንሲስ ኬልሲ የምትባል አንዲት የመንግሥት መርማሪ፣ ኩባንያው ቢወተውታትም፣ ማስረጃው አልበቃኝም ብላ ፊርማዋን ስለከለከለች ነው። "አልበቃኝም" የሚለው ቃል ልጆች አድኗል። ይህን ቃል በቀላሉ የቢሮክራሲ ማሳበቢያ አድርጎ የሚያጣጥል ሰው ጋር አልስማማም።

ግን ከታሪኩ ውስጥ ቆም ብዬ የማየው ሌላ ክፍል አለ። በ1970ዎቹ ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ ኢንዱስትሪያል ባዮ-ቴስት የሚባል ግዙፍ ቤተ ሙከራ ነበር። ኩባንያዎች የመድኃኒታቸውንና የፀረ ተባያቸውን መርዛማነት እየከፈሉ የሚያስመረምሩት እዚያ ነው፤ ከአገሪቱ ምርመራ ከሲሶ በላይ የሚሆነውን ይሠራ ነበር ይባላል። በ1976 የመንግሥት መርማሪዎች መዝገቡን ሲያገላብጡ ጉድ አገኙ። አይጦቹ ከሚኖሩባቸው ክፍሎች አንዱን ሠራተኞቹ ራሳቸው "ረግረጉ" ይሉት ነበር። ራሱን ችሎ ውኃ እንዲያጠጣ የተገጠመው መሣሪያ ተበላሽቶ ክፍሉን ያጥለቀልቃል፤ አይጦች በብርድና በውኃ ይሞታሉ፣ ሬሳቸው ይበሰብሳል። መዝገቡ ላይ "ከመበስበሱ የተነሣ የማይመረመር" ለማለት ሦስት ፊደል ያለው ምሕጻረ ቃል ነበራቸው። ያ ሁሉ ሆኖ ወደ መንግሥት የሚሄደው ሪፖርት ንጹሕ ነበር። በ1983 ሦስት የቀድሞ ኃላፊዎች ጥፋተኛ ተባሉ።

ዛሬ "መልካም የቤተ ሙከራ አሠራር" የሚባለው ደንብ የተወለደው ከዚህ ቅሌት ነው። የአሜሪካው በ1978 መጨረሻ ወጣ፤ የበለጸጉት አገሮች የጋራ ድርጅት የራሱን በ1981 አጸደቀ። ማን ለካው፣ መቼ ለካው፣ ሚዛኑ ተፈትሿል ወይ፣ የሞተው አይጥ የት ደረሰ፣ ሁሉም ይመዘገባል። ጥሩ ደንብ ነው። ደንቡን ያስወጣው ግን የሀብታም አገር ቤተ ሙከራ፣ በሀብታም ኩባንያዎች ገንዘብ የሠራው ውሸት ነበር። ደንቡ ሲተገበር ኩባንያዎቹ ወጪውን በመድኃኒቱ ዋጋ ላይ ደመሩት፣ ተቻለ። ዋጋ ላይ የሚደምሩት ነገር የሌላቸው፣ አይጥ ያላሰጠሙ፣ መዝገብ ያልቀጠፉ የአዲስ አበባ ተመራማሪዎች ግን በሩ ላይ ቆሙ። የሰረቀው ሌላ፣ የተፈተሸው ሌላ።

ጥያቄዬ እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው። አንድ ሰው ወይም ተቋም "እጠራጠራለሁ" ብሎ አንድን ነገር ማስቆም የሚችል ከሆነ፣ ጥርጣሬውን የማጥራት ወጪ ከፊሉ የእሱ ዕዳ አይሆንም ወይ? እኔ ይሆናል ባይ ነኝ። ተራ ሰው ቢጠራጠር መብቱ ነው፤ እኔም እጠራጠራለሁ፣ ምንም አይቆምም። ጥርጣሬው በር የሚዘጋ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ከፍርድ ቤት ላምጣው። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 መሠረት፣ የተከሰሰ ሰው ጠበቃ የማቆም አቅም ከሌለውና በዚህ ምክንያት ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ፣ መንግሥት በራሱ ወጪ ጠበቃ ያቆምለታል። ለምን? መንግሥት ሊያስርህ የሚችል ኃይል ስላለው ነው። ሊያስር የሚችል፣ ለመሰማትህ ይከፍላል። በተግባር ምን ያህል እንደሚሠራ ሌላ ወሬ ነው፤ አስተሳሰቡ ግን የጠራ ነው። "ገንዘብ ስለሌለህ አልሰማህም፣ ስላልሰማሁህ ጥፋተኛ ነህ" ማለት ነውር መሆኑን ሕጉ ተቀብሏል። በእንዶድ ላይ የተባለው ቁርጥ ይኸው ነበር።

ታዲያ ቅጠል የቀጠፈ ሁሉ "መርምሩልኝ" ቢል ማን ይችለዋል? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለሁሉም ይከፈል አላልኩም። ፍርድ ቤትም ክስ የሚያጣራው በደረጃ ነው። መጀመሪያ ርካሹ ምርመራ፣ ያንን ላለፈ ሁለተኛው። ዓድዋ ላይ የታየው ውጤት ግን ቢያንስ ለቀጣዩ ደረጃ የሚያሳልፍ ነበር። ደግሞም ገበያው አያድነውም። አንድ ኩባንያ ለምርመራ የሚከፍለው በኋላ ስለሚያተርፍ ነው። አጥር ላይ የሚበቅል ፍሬ፣ ያውም ገዢው ሳንቲም የሌለው ገበሬ ሲሆን፣ ማን ያተርፍበታል? ለዚህ ነው የደህንነት ምርመራ በገንዘብ በኩል ሁለት ሕመም አለው የምለው። ከፋይ ሲኖረው፣ ከፋዩ የሚፈልገውን መልስ የመስጠት ፈተና አለ፤ ረግረጉን አስታውሱ። ከፋይ ከሌለው ደግሞ ጭራሽ አይኖርም። ስለ መጀመሪያው ሕመም ብዙ ተጽፏል፣ ፊልምም ተሠርቶበታል። ሁለተኛው ድምፅ የለውም፤ ያልተደረገ ምርመራ ቅሌት አይሆንም፣ ጋዜጠኛም አይጠራም።

የራሳችንንም ድርሻ ልተው አልችልም። አገሪቱ በእነዚያ ዓመታት አብዮትና ጦርነት ላይ ነበረች፤ ለጥይት የተገኘው ገንዘብ ለአይጥና ለጥንቸል አልተገኘም። ዛሬስ? በየዩኒቨርሲቲዎቻችን የባህል መድኃኒት በአይጥ ላይ ተሞክሮ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ሞልቷል። አይጧ በመጀመሪያው ቀን አልሞተችም፣ ተመራቂው ተመረቀ፣ አለቀ። የ3 ወሩን፣ የ6 ወሩን፣ የጽንሱን ምርመራ የሚከፍል የለም። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ሪባን አይቆረጥም፤ ከ2 ዓመት ልፋት በኋላ ልታገኝ የምትችለው ትልቁ ዜና "ምንም አልተፈጠረም" የሚል ነው። እስኪ ይህን ይዛችሁ የበጀት ስብሰባ ግቡ።

ስለ ስርቆቱ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዜብራ መስል የምትባል ከአውሮፓ የመጣች ትንሽ ባለ ዛጎል ፍጥረት የሰሜን አሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች ወረረች፣ የውኃ ቱቦ ትደፍናለች። አክሊሉ በ1990 የክብር ዶክትሬት ሊቀበሉ ኦሃዮ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ ችግሩን ሰሙና እንዶድ ይሞከር አሉ። ተሞከረ፣ ገደለ። ዩኒቨርሲቲው በዚህ አጠቃቀም ላይ የባለቤትነት መብት አወጣ። የዓድዋ ሴቶች ዕውቀት በሌላ አገር ወረቀት ላይ ንብረት ሆነ፤ ቁጣው ይገባኛል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ፍጥነቱ ነው። የተደፈነው የሀብታም ሰው ቱቦ ሲሆን፣ ያው ፍሬ ከወሬ ወደ ቤተ ሙከራ፣ ከቤተ ሙከራ ወደ ፓተንት ቢሮ ለመድረስ ጥቂት ጊዜ በቃው።

ይህ ያለፈ ታሪክ የሚመስለው ካለ ወደ ጋምቢያ ይመልከት። በ2022 ከ60 በላይ ሕፃናት ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ሞቱ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠነቀቀው ከውጭ ስለገቡ የሳል ሽሮፖች ነበር። ሽሮፖቹ ውስጥ የተገኘው ያው ዳይኤቲሊን ግላይኮል ነው፣ የ1937ቱ፣ ከ85 ዓመት በኋላ። ይህን መርዝ ለማግኘት አዲስ ሳይንስ አያስፈልግም፤ ርካሽ የሚባል የምርመራ ዘዴ አለው። ጋምቢያ ግን በዚያን ጊዜ የራሷ የመድኃኒት መመርመሪያ ቤተ ሙከራ አልነበራትም። ለእንዶድ ጊዜ ጥርጣሬው ብዙ፣ ከፋዩ ማንም ሆነ፤ ለሽሮፑ ጊዜ ጥርጣሬውም አልነበረም። ወደ ድሃ አገር የሚገባው ዕቃ በእምነት ይገባል፣ ከድሃ አገር የሚወጣው ግን ማስረጃ ይጠየቃል። ሁለቱም ጋ ያልተከፈለው ሒሳብ አንድ ነው።

ቢልሃርዚያውስ ምን ሆነ? እንዶድ ምርመራውን እስኪጨርስ ዓለም መንገዱን ቀይሮ ነበር። በ1970ዎቹ ጀርመን ውስጥ የተገኘው ፕራዚኳንቴል የሚባል እንክብል መጣ፤ ቀንድ አውጣውን ትቶ ሰውየውን ማከም ቀለለ። ጥሩ መድኃኒት ነው። ሜርክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ከ2007 ጀምሮ በልገሳ እየሰጠ፣ በየዓመቱ እስከ 250 ሚሊዮን እንክብል ደርሷል። ለዚህ ምስጋና አልነፍግም።

ነገር ግን መድኃኒቱ በትንንሽ ልጆች ላይ በወጉ አልተመረመረም ነበር። እንክብሉ ትልቅና መራራ ነው፣ ለሕፃን ስንት ይበቃል የሚለውን የሚያስጠና ገንዘብ አልመጣም፣ ሕፃናት ብዙ አይያዙም ተብሎም ይታሰብ ነበር። እናት ልጇን አዝላ ወንዝ ወርዳ በዚያው ውኃ እንደምታጥበው የሚያውቅ ሰው ጠይቀው ቢሆን ኖሮ አይሉም ነበር። ለሕፃናት የሚሆነውን የሚሠራው ጥምረት የተመሠረተው በ2012 ነው፤ ከጃፓንና ከአውሮፓ የሕዝብ ገንዘብም ገባበት። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በጎ አስተያየቱን የሰጠው በታኅሣሥ 2023 ነው። መድኃኒቱን የሚፈልጉት ከትምህርት ዕድሜ በታች ያሉ ልጆች 50 ሚሊዮን ገደማ ይሆናሉ ይባላል።

በነዚያ ሁሉ ዓመታት መድኃኒቱ መንደር ውስጥ ሲታደል፣ ሚዛን በሌለበት ቦታ መጠኑ የሚለካው በእንጨት ነበር። ቁመት መለኪያ ምልክት ያለበት ዘንግ ነው፤ ልጁ አጠገቡ ይቆማል፣ አናቱ የደረሰበት መስመር ስንት እንክብል እንደሚወስድ ይናገራል። የመጀመሪያው መስመር 94 ሴንቲሜትር ላይ ነው። ከሱ በታች ያለው እንጨት ባዶ ነው፣ ምንም አልተጻፈበትም። ታላቅ እህቱ እንክብሏን ውጣ ፊቷን እያጨማደደች ስትሄድ፣ 93 ሴንቲሜትር የሆነው ልጅ እሷን ተከትሎ ወደዚያው ወንዝ ይወርዳል።